መምህር ጓንጉል የማያገባው ነገር የለም

በየሰፈሩ አንድ ሰው አለ። የሰው ጠብ የራሱ ጠብ፣ የሰው በደል የቤተሰቡ በደል ሆኖ የሚታየው፤ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲነጋገሩ ከሰማ ጉርሻውን ወደ ትሪው መልሶ ብድግ የሚል። ይህ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ወይ ገና አልተመሠረተም፣ ወይ ነዋሪው ተኳርፎ አይነጋገርም። እኛ ደብረ ታቦሮች ድርሻችን ደርሶናል። እንዲያውም ሳይበዛብን አይቀርም። የኛው ክቡር መምህር ጓንጉል ይባላል።

"ክቡር" የምትለውን የጨመርኩለት እኔ ነኝ። መንግሥት ሹመት አልሰጠውም፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ ነው የሚያስተምረው። ችግሩ ደወል ተደውሎ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ እሱ ማስተማሩን አለማቆሙ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮቱ ላይ ጋቢ ደርቦ ከተማውን የሚዞር ሰው ነው። አንድ ነገር ካላማረው ቆም ይልና፣ ጋቢውን ወደ ትከሻው ይመልስና፣ "ይሄ ዝም ተብሎ አይታለፍም" ይላል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የእግዜር ነው።

አንድ ቀን ወደ አንበሳሜ የሚሄድ ሚኒባስ ከልኩ በላይ ጭኗል ብሎ ወርዶ መኪናው ፊት ቆመ። ሹፌሩ ለመነው፣ ተሳፋሪው ሰደበው፤ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ትርፍ የተጫኑት እንዲወርዱ ተደረገ። ከወረዱት አንዱ እኔ ነበርኩ።

ሌላ ቀን ደግሞ ሟቹን እንኳ በማያውቀው ለቅሶ ቤት ገብቶ፣ ሽማግሌዎች ፀሐይ ላይ ወጣቶች ጥላ ላይ ተቀምጠዋል ብሎ ድንኳኑን ሙሉ አስነሥቶ ቦታ አቀያየረ። እኔና ባለቤቴ እሌኒ ስንጨቃጨቅ በአጥር በኩል ሲያልፍ ሰምቶም ያውቃል። በሩን አንኳኩቶ ገባና፣ ምን ላይ እንደተጣላን እንኳ ሳይጠይቅ ለእሷ ፈረደላት። አላጠፋም፤ ጥፋቱ የኔ ነበር። ያም ሆኖ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሩቅ ሳየው መንገድ መቀየር ለመድኩ።

ሀያት የተባለችው ልብስ ሰፊ ላይ የደረሰው ነገር የመጣው በዚህ መሀል ነው።

ሀያት የእብናት ልጅ ናት። ከኛ ቤት አጥር ለአጥር ባለው በእትዬ ሙሉሐብት ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታ፣ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አድርጋ ትሠራለች። መምህር ጓንጉልም እዚያው ግቢ ተከራይ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሠርግ በሠርግ ላይ ሲደራረብ፣ የአንዲት የገሳይ ሙሽራና የሚዜዎቿ ቀሚስ በሙሉ በሀያት እጅ ነበር። በዚህ መሀል እናቷ ታመሙና ክፍሏን ቆልፋ እብናት ሄደች። እናትየው ቀለል ሲላቸው፣ ሠርጉ ለእሁድ ሊሆን ሐሙስ ዕለት ተመለሰች። በሯ ላይ የማታውቀው ቁልፍ ተንጠልጥሏል። በመስኮት ስታይ መኪናዋ የለም፣ ልብሱ የለም፤ የሌላ ሰው አልጋ ተዘርግቷል።

እትዬ ሙሉሐብት አልካዱም። የእህታቸው ልጅ ዘውዱ ለሥራ ወደ ከተማችን ተዛውሮ መጥቷል፤ ማረፊያ ያስፈልገዋል። ለሀያት ቤት ፈልጊ ብለዋት ነበር፤ አልፈለገችም። ስለዚህ ቁልፉን አስፈልቅቀው፣ ዕቃዋን አውጥተው እህል የሚያስቀምጡበት ክፍል ውስጥ ቆልፈውበታል። ሽማግሌ ፊት ቀርባ "በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ" ካለች ይመልሱላታል። ካላለች እዚያው ይቆያል። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሲታመም ቀድመው ሾርባ ይዘው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ግን "በገዛ ቤቴ ለመግባት የማንን ፈቃድ ልጠይቅ?" ብለው ሲናገሩ ከልባቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ከቆምነው ውስጥ ብዙዎቻችን አባባላቸው ልክ መስሎን ነበር።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሀያት በሩ ሥር ቆማለች። አንዱ ቁልፉን እንስበረው ይላል፣ ሌላው ድንጋይ ያነሣል። ሁላችንም ግን ዓይናችን መንገዱ ላይ ነው። መምህር ጓንጉል ሲመጣ እሳቱ እንደሚነድ እናውቃለን፤ ደስም ሳይለን አልቀረም።

ከትምህርት ቤት መጣ፤ እጁ ላይ ጠመኔ አለ። የሆነውን ሁሉ ሰማ። ከዚያ ድምፁን ከፍ ያደርጋል ስንል ጭራሽ ዝቅ አደረገው። ድንጋይ የያዘውን ሰው ድንጋዩን አስጣለውና ወደ ሀያት ዞረ።

"ቁልፉን እንዳትነኪ" አላት። "ከሰበርሽ ነገሩ ይገለበጥና ጥፋተኛዋ አንቺ ትሆኛለሽ። አትሳደቢ። ዕቃዬን ላውጣ ብለሽም ያላደረግሽውን አድርጌያለሁ እንዳትዪ።"

ቀጥሎ ለሁላችንም እንደ ክፍል ተማሪ አስረዳን። ቤቱ የእትዬ ነው፣ በዚያ ክርክር የለም። ካከራዩት በኋላ ግን ክፍሉ የሀያት መኖሪያ ነው። እሷ ሳትፈቅድ ወይም ፍርድ ቤት ሳያዝ መግባት የሰው መኖሪያ መድፈር ነው። ዕቃዋን ይዞ ማስቀረት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። እንድትወጣ ከፈለጉ በወጉ አስጠንቅቀው፣ እምቢ ካለች መክሰስ ይችላሉ፤ ጉልበት ግን አይፈቀድላቸውም።

ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሲሄዱ እኔም ተከተልኩ። ለምን እንደተከተልኩ እንጃ፤ እግሬ አላስቆመኝም። ተረኛው መኮንን መምህሩን ገና ሲያየው ፈገግ አለ፤ ደንበኛሞች ናቸው። ነገሩን ሰምቶ፣ ይሄ የኪራይ ጉዳይ ነው፣ ወይ በሽማግሌ ጨርሱት ወይ ፍርድ ቤት ሂዱ አለ። መምህር ጓንጉል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስለ ኪራዩ ፍርድ ቤት እንሄዳለን፣ ክፍሌን በጉልበት ያዙብኝ፣ ሁከት ይወገድልኝ ብላ ትከሳለች አለ። የሰው ቤት ተከፍቶ የሰው ንብረት መወሰዱ ግን እዚሁ የሚታይ ነው፣ ቃሏ እስኪመዘገብ አልነሣም አለ። መኮንኑ ከምር እንደማይነሣ ያውቃል። የሀያትን ቃል ተቀበለና አንድ ፖሊስ አብሮን እንዲሄድ አዘዘ።

ስንመለስ መንገዱ ሠርግ መስሏል። የሙሽራዋ እናት ወሬውን በስልክ ሰምተው ከገሳይ ደርሰዋል፤ በር ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። እትዬ ሙሉሐብት ፖሊሱን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ የተናገሩት ግን ለፖሊሱ አልነበረም።

"መምህር፣ አንተም እኮ የምትኖረው በኔ ቤት ነው" አሉ።

ሁላችንም ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶናል።

"አውቃለሁ እትዬ" አላቸው። "ስለዚህ ነው የምነግርዎት። ዛሬ የሷ በር ያለ ፈቃዷ ከተከፈተ፣ ነገ እኔም ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ አይወስደኝም። እርስዎን ደግሞ ፍርድ ቤት ቆመው ማየት አልፈልግም፤ ያመመኝ ጊዜ ያስታመሙኝ እርስዎ ነዎት። ዕቃዋን ይመልሱላት።"

እትዬ ከመቀነታቸው ቁልፍ አወጡና የእህሉን ክፍል ከፈቱ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ግርግር እንዴት ልንገራችሁ። ሰዉ በሙሉ ተሸካሚ ሆነ። ፖሊሱ ካውያውን ያዘ። እኔና መምህር ጓንጉል የስፌት መኪናውን ከነጠረጴዛው ተሸከምን፤ እሱ ወደ ኋላ እየሄደ "ቀስ፣ ደረጃ አለ" ይለኛል። ዘውዱ ክፍሉ ሰው እንዳለበት ማንም አልነገረውም ነበርና፣ አፍሮ አልጋውን ራሱ እየነቀለ ሀያትን ይቅርታ ይጠይቃል። ቀሚሶቹ የጤፍ ዱቄት ለብሰዋል። ሀያት አንድ በአንድ አራግፋ፣ ስፌቱን በጣቷ እየዳበሰች አየች። የሙሽራዋ ቀሚስ ምንም እንዳልሆነ ስታረጋግጥ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ መጣ። የሙሽራዋ እናት እልል ሲሉ ሰፈሩ ተቀበላቸው። አርብና ቅዳሜ የመኪናዋ ድምፅ ከግቢው አልጠፋም፤ እሁድ ግማሹ ሰፈር ገሳይ ነበር። ሀያትም እዚያው ክፍሏ ቀረች፤ ዘውዱ ሌላ ቦታ ቤት አገኘ።

ሳምንታት አለፉና እትዬ ሙሉሐብት መምህር ጓንጉልን ውልህ ሲያልቅ ቤት ፈልግ አሉት። ነገሩን ስሰማ ደሜ ፈላ። እኔ፣ እሱን ሳይ መንገድ እቀይር የነበርኩት ሰውዬ፣ ክፍሉ ድረስ ሄጄ ይሄ ቂም ነው፣ እንከስሳቸው አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ። "በምን?" አለ። "ውሌ ያልቃል። ቀድመው ነግረውኛል፣ መዘጋጃ ጊዜ ሰጥተውኛል። ሊነግሩኝ ሲመጡም በሬን አንኳኩተው፣ ይግቡ እስክላቸው ቆመው ጠበቁ።" ይሄን ሲናገር ፊቱ በራ፤ አስቸጋሪ ተማሪው ፈተና ያለፈለት መምህር ይመስል ነበር። "መብታቸው ነው" አለኝ።

እኛ ጓሮ አንዲት ባዶ ክፍል አለች። ለእሌኒ እንዴት ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ ቤት ስገባ፣ እሷ ቀድማ ጠርጋት፣ መጋረጃ እየሰቀለች አገኘኋት።

መምህር ጓንጉል እኛ ጓሮ ከገባ ወዲህ ሰላም የለኝም። የጣሪያዬ ውኃ በጎረቤት አጥር ላይ እንደሚወርድ ነግሮኝ አሸንዳ አስቀይሮኛል። ውሻዬ የታሰረበት ገመድ አጭር ነው ብሎ ሲከራከረኝ ውሏል፤ ውሻው ራሱ ለእሱ ያደላል።

በቅርቡ ተማሪ ለመፈተን ወደ ሌላ ከተማ ተላከ። ግቢው ጭር አለ። የሰፈሩ የቧንቧ ውኃ ሲቋረጥ ማንም አልጮኸም፤ ባልዲያችንን ይዘን ዝም ብለን ቆምን። የሚመለስ ዕለት ሥራዬን ጥዬ መናኸሪያ ሄድኩ። ከአንዲት የማናውቃቸው እናት የድንች ጆንያ አጠገብ ቆሞ፣ ከተሸካሚዎች ጋር ክርክር ገጥሞ አገኘሁት። ጉዳዩ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጌ ገባሁና ከጎኑ ቆምኩ።