ስኳር የነሰነስኩበት ደረጃ

በረዶ ሊጥል ነው ሲባል እኛ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰው ሁሉ ሊቅ ይሆናል። አንዱ ትምህርት ቤት ይዘጋል ብሎ ይወራረዳል፣ ሌላው ሱቅ ገብቶ ወተቱንና በረዶ ማቅለጫውን ጨው ጠራርጎ ይወጣል። እኔ ደግሞ ከሁሉም የባስኩ ነኝ። ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ መማሬን የማያውቅ ዘመድ የለኝም፤ ከዚያ ለምን እንዳቋረጥኩ ግን፣ ደግነቱ፣ የጠየቀኝ የለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የሚስቴ አጎት ሐጂ ሰይድ እዚሁ አቅራቢያችን ካለችው አሌክሳንድሪያ ለምሳ ሊመጡ ሆነ። ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ካደረጉ ወዲህ ከቤት ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። የእኛ ደረጃ ደግሞ ከላይ እስከ ታች በረዶ ጋግሯል። ጨው ፍለጋ ብዞር ሱቁ ሁሉ ባዶ። ቤት ግን ከረመዳን የተረፈ አንድ ከረጢት ስኳር ነበረን። የሚሟሟ ነገር ሁሉ በረዶ ያቀልጣል ብዬ ከረጢቱን ታቅፌ ወጣሁ።

ሃይስኩል ኬሚስትሪ የምትማረው ልጄ ሰሚራ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ባባ፣ ሹገር ዊክ ነው፣ ጉልበት የለውም» አለችኝ። «ጨው ሲሟሟ አዮኖቹ ይለያያሉ፤ ሹገር ግን ሞለኪውሉ እንዳለ ነው የሚቀረው። ደግሞ ሞለኪውሉ ቢግ ስለሆነ እፍኝ ውስጥ ቁጥሩ ብዙ አይደለም። ትንሽ ያቀልጥና አጌይን ፍሪዝ ያደርጋል።»

«እኔ ይህን ስማር አንቺ አልተወለድሽም» አልኳትና ነሰነስኩ።

ላዩ ቀለጥ ሲል ኩራቴን ብታዩ! ፀሐይዋ ዘወር ስትል ግን መልሶ ረጋ፤ ቀድሞ ሻካራ የነበረው ጭራሽ እንደ መስታወት ለሰለሰ። ሐጂ መጡ። እጄን ዘርግቼ ይምጡ፣ ምንም አይሆኑም ከማለቴ፣ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ተንሸራተው በመቀመጫቸው ወረዱ።

ጉልበታቸውን አላህ አተረፈው። እኔ ግን የምገባበት ጠፋኝ። ላነሳቸው ስይዛቸው መዳፋቸው እጄ ላይ ተጣበቀ። ቀመስ አደረጉትና ቀና ብለው አዩኝ።

«ሐኪሙ ስኳር ይጥልዎታል ሲለኝ አላመንኩትም ነበር» አሉ።

ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ። ሰሚራ ብቻ አልሳቀችም፤ ነግሬህ ነበርም አላለችም። የሐጂን ጫማ በሙቅ ውሃ አጠበች። ከመውደቃቸው ይልቅ ያ ነው ያሳፈረኝ።

ዛሬም በረዶ በጣለ ቁጥር ሐጂ ይደውላሉ። ጤናዬን፣ ሥራዬን በወጉ ይጠይቁና ይመርቁኛል። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እስቲ ልጅቷን አቅርብልኝ፣ ስለ ደረጃው ልጠይቃት» ይላሉ።

ስልኩን አቀብላታለሁ።