የውሃ ተርብ ፍለጋ እስከ ያዮ

ሰው ሲያስተምር የኖረውን ያውቃል ያለው ማን ነው? መቱ ላይ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የውሃ ተርብን ሰሌዳ ላይ ስስላት ብታዩኝ! በሕይወት ያለች ግን ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም።

ታዲያ ዶክተር ሰላም የምትባል ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጥታ፣ ጫካ የሚያውቅና አንዲት ብርቅ ሰማያዊ የውሃ ተርብ የሚያሳያት ሰው ስትፈልግ፣ «እኔ አለሁ!» ያልኩት ምን ነክቶኝ ነው? ምላስ አጥንት የለው!

ሁለት ቀን በጎሬ በኩል አንከራተትኳት። ያገኘነው አንድ ጉሬዛ ብቻ ነው። እሱም ከዛፍ ላይ ቁልቁል አየንና ፊቱን አዞረ። ልትመለስ አንድ ቀን ሲቀራት ወደ ያዮ ሄድን። መንገዱን ተዉት፤ ጉበቴና ኩላሊቴ ቦታ ተቀያየሩ።

«ጋሼ ግርማ፣ እውነት ቦታውን ያውቁታል?» አለችኝ ዶክተር ሰላም።

«ተወልጄ ያደግሁበት!» አልኩ። የተወለድኩት ጎሬ ነው።

ደግነቱ ጫካው ዳር ኦቦ ቶለሳ የሚባሉ፣ ቀፎ የሚሰቅሉ ሽማግሌ አገኘንና ወንዙን አሳዩን። እኔም መሪነቴ እንዳይቀርብኝ ቀድሜ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ያኔ ከኋላዬ ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ። ጥቁር ነገር ታየኝ። ቀንድ አለው።

«ጎሽ!» ብዬ ጮህኩ። አንዱን ጫማዬን ጭቃው አስቀረው። እኔ ዛፍ ላይ ነኝ። እንዴት እንደወጣሁ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ኦቦ ቶለሳ ቀና ብለው አዩኝ። «ባርሲሳ» አሉኝ፣ መምህር ማለታቸው ነው፤ «ላሜ ናት እኮ። ትታለባለች እንጂ ሰው አትበላም። ይውረዱ።»

አፍሬ ልወርድ ስል ዶክተር ሰላም፣ «እንዳይንቀሳቀሱ!» አለች በሹክሹክታ። ጭቃው ውስጥ በቀረው ጫማዬ አፍንጫ ላይ ሰማያዊ የውሃ ተርብ አርፋለች። ዶክተሯ ስንት ወንዝ የዞረችው እሷን ፍለጋ ነበር። ፎቶ ስታነሳ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔም ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥዬ ተማርኩ፤ ለካ ስታርፍ ክንፏን አትሰበስብም! ሃያ ዓመት ሙሉ ሰብስቤ ስስላት ኖሬያለሁ።

በኋላ ፎቶውን ላከችልኝ። ሥራዋን በሚያትተው ጽሑፍ ላይም ለመምህር ግርማ ምስጋና አስፍራለች። ምክንያቱን ግን በትህትና አልፋዋለች።

ፈሪ ለእናቱ ነው ይላሉ። ለሳይንስም ነው እንጂ!