የበረኛው ቀኝ እጅ

(ደብረ ታቦር፣ ዓርብ ጠዋት። የሰፈሩ ቡድን ደጋፊዎች ሊቀመንበር የሙላቴ ቤት። ጎረቤቱ አለሙ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ ከበሩ አጠገብ ቆሟል።)

ሙላቴ፦ አይሰለፍም አልኩህ። ደግሞ ተጎድቷል። እሑድ ከሐሙሲት ጋር የዋንጫ ጨዋታ አለብን፣ በረኛችን እጁን በሻሽ አንጠልጥሎ ከተማውን ይዞራል።

አለሙ፦ እኔም የመጣሁት ስለ በረኛው ስለ አንዱአምላክ ነበር፤ ግን...

ሙላቴ፦ ስለሱ ካልሆነ ስለማን ልትመጣ ነው? ተቀመጥ።

አለሙ፦ ልቁም ግዴለም።

ሙላቴ፦ ጉልበትህን ነው? ዘንድሮ ያልተጎዳ ሰው ጠፋ።

አለሙ፦ ጉልበቴ ደህና ነው። የመጣሁበትን ሳልናገር አልቀመጥም።

ሙላቴ፦ ገብቶኛል፣ ዜናው ከባድ ነው። ተሰብሯል በለኛ።

አለሙ፦ ኧረ አልተሰበረም።

ሙላቴ፦ አንተ ስለ ኳስ ምን ታውቃለህ? እኔ ልጁን አጥንቼዋለሁ። መጀመሪያ አውራ ጣቱን፣ ቀጥሎ የእጁን አንጓ፣ አሁን ደግሞ ትከሻውን። ሁሉም በቀኝ በኩል። ግራው አንድ ቀን ተነክቶ አያውቅም። ለምን ይመስልሃል?

አለሙ፦ በቀኙ ስለሚበላ ነዋ።

ሙላቴ፦ (በትዕግሥት) አለሙ፣ በረኛ ኳስ አይበላም። ነፋሱ ነው። ከጉና የሚወርደው ብርድ ሜዳው ውስጥ የሚገባው በቀኝ ነው፤ ጅማት ያደርቃል።

አለሙ፦ ከዕረፍት በኋላ ግን ጎል ይቀያየሩ የለ?

ሙላቴ፦ (ትንሽ አስቦ) ብርድ አንዴ ከገባ አይወጣም።

አለሙ፦ ወጌሻው ምን አለ?

ሙላቴ፦ እሱ ደግሞ ምን ያውቃል። አሸት አሸት አደረገና «ምንም የለውም» አለ። እኔ ባልኖርለት ልጁ ምን ይውጠው ነበር? ቤተሰቦቹ ገጠር፣ እሱ ብቻውን በኪራይ ቤት። በተጎዳ ቁጥር ልጄን እሌኒን ፍትፍት አስይዤ እልክለታለሁ።

አለሙ፦ ሲድንስ?

ሙላቴ፦ ሲድንማ ራሱ ሠርቶ ይብላ።

አለሙ፦ እጁ ታስሮ እንዴት ይበላል?

ሙላቴ፦ እሌኒ ታጎርሰዋለቻ። በግራው ይብላ ልትለኝ ነው? ነውር አይደለም? አጉርሺው ያልኳትም እኔው ነኝ።

አለሙ፦ እንግዲህ እኔም የመጣሁት ለዚሁ ነው።

ሙላቴ፦ ፍትፍት ልትወስድ?

አለሙ፦ ሁለት ሽማግሌዎች ደጅ ቆመዋል፤ ብርዱ ሳይጨርሳቸው ልናገር። (ጎንበስ ብሎ) ልጅህን እሌኒን ለልጃችን ለአንዱአምላክ ልንጠይቅ ነው የመጣን።



ሙላቴ፦ በየትኛው እጁ ሊይዛት?

አለሙ፦ በቀኙ። ወጌሻው ልክ ነበር፣ ምንም የለውም። እሷን የሚያያት ሲጎዳ ብቻ ስለሆነበት ነው።

ሙላቴ፦ ታዲያ ያን ሁሉ ጨዋታ የተሸነፍነው በፍትፍት ነው?

አለሙ፦ በፍትፍትማ አይደለም፣ በጉርሻ ነው።

ሙላቴ፦ እኔው በገዛ እጄ... (ያቆማል) ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?

አለሙ፦ ልጀምር ስል ነፋሱን ታስረዳኝ ነበር።

ሙላቴ፦ እሷስ ምን አለች?

አለሙ፦ እኔን ለሽምግልና የመረጠችኝ እሷ ናት። «አባቴ ሲያወራ የማይሰለቸው እሱ ብቻ ነው» ብላ።

ሙላቴ፦ (ወዲያ ወዲህ እያለ) እንዲህ መሆኑን ባውቅ አምና ሰጥቼው ዋንጫውን በወሰድን ነበር። በቃ፣ ሰጠሁ። ሽማግሌዎቹን አስገባቸው። ልጁም ሻሹን ፈትቶ እሑድ ጎሉ ላይ ይቁም።

አለሙ፦ እሑድማ አይቆምም።

ሙላቴ፦ ደግሞ ምን ሆነ?

አለሙ፦ እሌኒ ከለከለችው። «እስካሁን የተጎዳኸው በውሸት ነው፤ ሰርጋችን ሳይደርስ የእውነት ብትጎዳስ?» አለችው።

ሙላቴ፦ (ቀስ ብሎ ይቀመጣል) ተጠባባቂው በረኛስ... ሚስት አለችው?

አለሙ፦ ሚስትስ አለችው። ኳስ መያዝ ነው የማይችለው።