የመሠረተ ትምህርት ኮሚቴው አምስተኛ አባል

ቀን፦ ሐሙስ፣ ጥር 14
ቦታ፦ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ምድር ቤት፣ የጋዜጣ ክፍል
ሰዓት፦ ለ8፡00 ተጠርቶ 9፡20 ተጀመረ

የተገኙ፦
1. የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ሰብሳቢ
2. ጡረተኛው መምህር፣ አባል
3. ልብስ ሰፊው፣ የሠፈሩ ነዋሪዎች ተወካይ
4. የዚህ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ
5. የጽዳት ሠራተኛዋ (ከ9፡20 ጀምሮ)

ያልተገኙ፦ ሦስት አባላት። ሁለቱ ምክንያታቸው አልታወቀም። አንዱ ከስብሰባ ስለሚቀሩ ሰዎች የሚመክር ሌላ ስብሰባ ላይ መሆናቸውን አስታውቀዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባቱ አባላት አምስቱ መገኘት አለባቸው። አራቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ከጠበቁ በኋላ ሰብሳቢው ኮሪደሩን ስትወለውል የነበረችውን የጽዳት ሠራተኛ ጠርተው፣ «እስቲ ነይ እህቴ፣ ለአንድ አፍታ አባል ሁኚልን» ስላሏት መወልወያዋን በሩ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል ተብሏል።

አጀንዳ አንድ፦ ተመዝጋቢ ስለ መጥፋቱ

ማንበብና መጻፍ ላልተማሩ አዋቂዎች የሚሰጠው ትምህርት ከተፈቀደ፣ ክፍሉም ከተሰናዳ ሁለት ወር ሆኖታል። የምዝገባው ማስታወቂያ በሁለት ገጽ ተጽፎ በዋናው በር ላይ ከተለጠፈ ደግሞ አርባ ቀን አልፏል። እስከ ዛሬ የተመዘገበ የለም። ሰብሳቢው ከዚህ በመነሣት በአካባቢው ማንበብ የማይችል ሰው የለም የሚል ሪፖርት ለበላይ ለመላክ ሐሳብ አቅርበዋል። መምህሩ ተቃውመው ጥፋቱ የፊደሉ ማነስ እንደሆነና ጽሑፉ መጉላት እንዳለበት አስረድተዋል።

ልብስ ሰፊው፣ «ጋሼ፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ‹ሀ›ን ዝሆን አሳክለው ቢጽፉለት ዝሆን አየሁ ብሎ ያልፋል እንጂ መች ያነበዋል?» ሲሉ ጠይቀዋል። መምህሩ ጥያቄው ሥርዓት የጎደለው ስለሆነ አልመልስም ብለዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ፊደሉ እንዲጎላ፣ ከሥሩም «ይህን ማንበብ ያልቻለ በቢሮ ቁጥር 3 ያመልክት» የሚል ሁለተኛ ማስታወቂያ እንዲለጠፍ ተወስኗል።

አጀንዳ ሁለት፦ የመግቢያ መስፈርት

መምህሩ የሚያነቡ ሰዎች አናነብም ብለው ቦታ እንዳይሻሙ የመግቢያ ፈተና ይሰጥ ብለዋል። በሐሳባቸው መሠረት ዜሮ ያገኘ ይገባል፤ ከዜሮ በላይ ያገኘ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ልብስ ሰፊው ባዶ ወረቀት ያስረከበ ሁሉ አለፈ ማለት እንደሆነ ጠይቀው፣ መምህሩ አዎ፣ ነገር ግን ስሙን ያልጻፈ ሰው ወረቀት አይታረምም፣ በሠላሳ አራት ዓመት የማስተማር ዘመናቸውም አርመው አያውቁም ብለዋል። በዚህ ጊዜ ልብስ ሰፊው፣ «ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ» ብለው ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። ሰብሳቢው ንግግሩ በቃለ ጉባኤ አይያዝ ብለዋል። ይህም ተይዟል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ፈተናው በሦስት ድምፅ ጸድቋል፤ ልብስ ሰፊው ተቃውመዋል። የጽዳት ሠራተኛዋ ድምፀ ተአቅቦ አድርጋለች።

አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

የጽዳት ሠራተኛዋ እጇን አውጥታለች። ሰብሳቢው መስኮቱን ልትከፍት ከሆነ እንድትከፍት ፈቅደዋል። እሷ ግን መመዝገብ እንደምትፈልግ ተናግራለች።

ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ እንዲህ ብላለች፦ «ከልጄ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ሲመጣ የምታነብልኝ እሷው ናት። ሁልጊዜ ‹ልጅሽ ጎበዝ ናት፣ በርቺ ይላል› ትለኛለች። ባለፈው የመጣው ሦስት ገጽ ነው። ሦስቱንም ገልብጣ ገልብጣ ‹በርቺ ይላል› አለችኝ። በርቺ ለማለት ሦስት ገጽ ይፈጃል እንዴ ጋሼ? ትናንት ደግሞ ሌላ መጣ። ለጎረቤት እንዳላስነብብ የቤቴ ገመና ነው፤ ልጄ ነገ ሰው ፊት ቀና ብላ መሄድ አለባት። ራሴ ላንብበው።»



ሰብሳቢው ጥያቄዋ ልብ የሚነካ መሆኑን ገልጸው፣ ሆኖም አባል የሆነ ሰው ራሱ ከፈቀደው ትምህርት ተጠቃሚ መሆን አይችልም ብለዋል። ልብስ ሰፊው ከአባልነት ትውጣና ትማር ሲሉ፣ መምህሩ ከወጣች አራት እንቀራለን፣ አራት ከሆንን ስብሰባው ስብሰባ አይደለም፣ ስብሰባ ካልሆነም የሚመዘግባት የለም ብለዋል። ልብስ ሰፊው፣ «ለወንበር ሲሆን ሰው ናት፣ ለፊደል ሲሆን ችግር ሆነች?» ብለዋል። መምህሩ ልብስ ሰፊው መርፌያቸውን ቤታቸው ትተው እንዲመጡ አሳስበዋል።

በመሐል ሰብሳቢው የኮሚቴውን ደንብ አውጥተው አንብበዋል። በደንቡ መሠረት አባል የሚሆን ሰው ማንበብና መጻፍ የሚችል መሆን አለበት። ስለዚህ የጽዳት ሠራተኛዋ ከመጀመሪያውም አባል እንዳልነበረች ተረጋግጧል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦ በአጀንዳ አንድ፣ ሁለት እና ሦስት የተወሰነውና የተባለው ሁሉ ተሽሯል፤ ትምህርቱም ሰባቱ አባላት ተሟልተው እስኪወስኑ እንዳይጀመር ታግዷል። የሻሩት አራቱ አባላት ሲሆኑ፣ ጸሐፊዋ እጇን ያወጣችው ሁሉም ስላወጡ ነው።

የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን አንሥታ በር ላይ ከደረሰች በኋላ ተመልሳ አንድ ጥያቄ እንዲፈቀድላት ለምናለች። ተፈቅዶላታል።

«ጋሼ፣ እኔ አባል ካልነበርኩ አራት ናችሁ። አራት ሆናችሁ መወሰን ካልቻላችሁ፣ አራት ሆናችሁ ያገዳችሁትስ እንዴት ይታገዳል?»

ሰብሳቢው ደንቡን እንደገና አንብበዋል። መምህሩም ተቀብለው አንብበዋል። ልብስ ሰፊው ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው መልሰዋል።

በመጨረሻም ያለ ተቃውሞ የሚከተለው ሰፍሯል፦ በዛሬው ዕለት ስብሰባ አልተካሄደም፤ የጸደቀ የለም፤ የተሻረ የለም፤ የታገደም የለም። ቀድሞ የተሰጠው ፈቃድ እንዳለ ነው።

ያልተካሄደው ስብሰባ ከቀኑ 11፡40 ተዘግቷል።

ትምህርቱ ሰኞ ጠዋት 1፡30፣ ወለሉ ከመወልወሉ በፊት ይጀመራል። ተማሪ አንድ። የምታስተምረው ጸሐፊዋ ናት፤ ማንም አልመረጣትም።