አውሮፓን የጨረሰችው ዴላኒ

የሰው ልጅ ዓለምን ለማወቅ ካደረጋቸው ታላላቅ ዘመቻዎች መካከል፣ የኦሃዮዋ ተማሪ የዴላኒ የጸደይ ዕረፍት ጉዞ እስከ ዛሬ ተገቢውን ክብር አለማግኘቱ ያስቆጫል። የጥንት አሳሾች አንድ የወንዝ ምንጭ ፍለጋ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል፤ ግማሾቹም ወባ በልቷቸው ቀርተዋል። ዴላኒ ግን ከጓደኛዋ ከብሪንሊ ጋር ፓሪስን፣ ብራሰልስን፣ አምስተርዳምን፣ ፕራግንና ቡዳፔስትን በአንዲት ሳምንት ጨርሳ፣ ከአንዳቸውም ምንም ሳይነካት በሰላም ተመልሳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዴላኒ ለአንድ መንፈቅ ዓመት ትምህርት ወደ ስፔኗ ሴቪያ ከመጡት አሜሪካውያን አንዷ ነበረች። ሰሙነ ሕማማት ሲቃረብ የፕሮግራሙ ኃላፊ ዶክተር ዊትኮም የሚከተለውን ማስታወቂያ ለጠፉ፦ «የተማሪዎቻችንን ከአስተናጋጁ ኅብረተሰብ ባህል ጋር በጥልቀት የመዋሃድ አቅም ከማጎልበት አኳያ፣ በሰሙነ ሕማማት ትምህርት የማይሰጥ መሆኑን እየገለጽን፣ ይህን ወርቃማ አጋጣሚ ሁሉም በአግባቡ እንዲጠቀምበት በአጽንዖት እናሳስባለን።» ተማሪዎቹ ከዚህ ሁሉ ውስጥ «ትምህርት የማይሰጥ» የምትለዋን በጥልቀት ተዋሃዷት። ፀሐይ ሳትጠልቅ የአውሮፕላን ትኬት ያልቆረጠ አልተገኘም። ዶክተሯም ቢሆኑ የለጠፉት ወረቀት ሙጫው ሳይደርቅ ወደ ባሕር ዳር ወርደው ነበር።

በዚያው ሳምንት የቀረው ዓለም ወደ ሴቪያ ይጎርፋል። የእመቤታችን ምስል በአበባና በሻማ አሸብርቆ፣ ከሥሩ በተደበቁ ሰዎች አንገት ላይ ሆኖ በጠባቡ መንገድ ሲያልፍ ለማየት ሰው ከጃፓን ሳይቀር ይመጣል። ይህ ግን ለዴላኒ አልታያትም፤ በቅርብ ያለ ነገር ባህል አይመስልማ!

ሰነፍ ነበረች እንዳትሉብኝ። ዶክተር ዊትኮም በየዓመቱ የሚሸልሙትን «የዓለም ዜጋ» ሜዳሊያ አጥብቃ ትመኝ ነበር፤ ያንን ያገኘ ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት የአዲሶቹ መሪ ሆኖ ወደ ሴቪያ ይመለሳልና። ሴቪያን ከልቧ ትወዳት ነበር። ስለዚህም ከሴቪያ ለመውጣት ተቻኮለች፤ የዓለም ዜጋ አንድ ከተማ ላይ ተጎልቶ መቼም አይሸለምም።

ያረፈችው በአጭሩ ሬሜ በሚባሉት በሴኞራ ሬሜዲዮስና በባለቤታቸው በዶን አንሴልሞ ቤት ነው። ቤቱ ሰልፉ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው፤ ባልኮኒው ላይ ሁለት ወንበር አለ። አንዱ የሴኞራ ነው። ሁለተኛው ፍራንክፈርት ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራው የልጃቸው የኢንማ ነበር፤ ኢንማ ፈቃድ አላገኘችም። የጉዞው ዋዜማ ላይ ሽምብራ በቆስጣ ቀርቦ፣ ዶን አንሴልሞ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ የዓርቡን ሰልፍ ኢንማ ወንበር ላይ ሆነሽ ታዪዋለሽ። ምስሉን የምንሸከመው ከሥር ሆነን ስለሆነ የሚታየው እግራችን ብቻ ነው። እኔ በግራ ጫማዬ ላይ ቀይ ክር አስራለሁ። ቀይ ክር ካየሽ እኔ ነኝ።»

«ዘንድሮ የመጨረሻው ነው» አሉ ሴኞራ ሬሜ። «ሐኪሙ አንገትህ በቃው ብሎታል።»

«ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል! ማለቴ አንገቱ ሳይሆን… ግን እኮ ዶን አንሴልሞ፣ ዓርብ ቡዳፔስት ነኝ።»

«ቡዳፔስት ምን አለ?»

ዴላኒ አሰበች። ሹካዋን አስቀምጣ አሰበች።

«ቡዳፔስት አለ» አለች።

ዶን አንሴልሞ ራሳቸውን ነቀነቁና ሽምብራቸውን በሉ። ሴኞራ ሬሜ ግን ዳቦ ሲቆርሱ «ለማንኛውም ወንበሩን አወጣዋለሁ፤ ምናልባት ሐሳብሽን ከለወጥሽ» አሉ።

የጉዞው ሕግ የብሪንሊ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ከተማ አንድ ነገር አለው፤ ከነገሩ ፊት ቆሞ ፎቶ የተነሳ ሰው ከተማውን ጨርሷል። የፓሪስ ነገር ማማው ነው። ጫፉን በሁለት ጣት የያዙ መስሎ ለመታየት ከተማዋ ላይ የዋሉት ቀን በሙሉ አለቀ፤ የብሪንሊ ጣት አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ እያለ አስቸገረ። ያደሩበት ሆቴል ሽማግሌ ቁልፍ ሲሰጣቸው ከየት እንደመጡ ጠየቃቸው።

«ከሴቪያ።»

«በዚህ ሳምንት? ከሴቪያ?» ሽማግሌው ደነገጠ። «በሰላም ነው? ምን ደረሰባችሁ?»

«ዕረፍት ነው» አለች ብሪንሊ። ሽማግሌው ግን አላመናትም፤ ተጨማሪ ብርድ ልብስ አመጣላቸው።

ብራሰልስ ላይ የከተማው ነገር ሽንቱን የሚሸና ትንሽ የነሐስ ልጅ ነው። ብሪንሊ በሰው መሃል ተሽሎክልካ ደረሰችና «ይሄ ነው?» አለች። ዴላኒ ካርታውን አየች። «ይሄ ነው።» «ሌላ ትልቅ የለም?» «የለም።» ፊቱ ቆመው ፎቶ ተነሱ። አጠገባቸው ከኦሳካ የመጡ ባልና ሚስት ቆመው ነበር፤ በማግስቱ ወደ ሴቪያ ናቸው፤ ከተማው ውስጥ አልጋ አጥተው ሩቅ መንደር ሊያድሩ ነው። ከዚያ መምጣቷን ሲሰማ ባልየው ዴላኒን «አንቺስ ሴቪያ የት ነው ቤትሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«ሰልፉ የሚያልፍበት መንገድ ላይ። ባልኮኒ አለው።»

ባልየው ለሚስቱ ተረጎመላት። ሚስትየው የዴላኒን ክንድ ያዝ አድርጋ፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው፣ አንገቷን ደፋች።

አምስተርዳም ላይ፣ ምስጋና ለዕድላቸው፣ ባህል ገጠማቸው። ሀምበርገር ቤት ሲገቡ የሴቪያ ክፍላቸው ልጆች በሙሉ አንድ ረጅም ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ተቃቅፈው ጮኹ፤ ስለ ኦሃዮ አወሩ፤ አምስተርዳም አለቀች። ፕራግ ላይ ደግሞ ታዋቂው ሰዓት ለጥገና በሸራ ተሸፍኖ፣ ሸራው ላይ የሰዓቱ ሥዕል ተስሎበት አገኙት። ብሪንሊ «እንዲያውም ይሻላል፤ ጥላ የለበትም» ብላ ፊቱ ቆመች። ዴላኒ እያንዳንዱን ፎቶ ወዲያው ለሴኞራ ሬሜ ትልክ ነበር። «ከባህል ጋር እየተዋሃድኩ ነው» የሚል ጽሑፍም ታክልበታለች።

ዓርብ ከሰዓት ቡዳፔስት ገቡ። ብሪንሊ የከተማውን ነገር፣ ድልድዩን፣ ለመጨረስ ብቻዋን ወጣች፤ የዴላኒ እግር አብጦ ስለነበር እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ቀረች። የማረፊያው ባለቤት ላዮሽ የሚባል ወፍራም ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር ከፍቶ፣ አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ነይ ተቀመጪ፣ የኔ እህት» አላት ዓይኑን ሳይነቅል። «ሴቪያን በቀጥታ እያሳዩ ነው። በየዓመቱ ልሄድ እላለሁ፤ በየዓመቱ እንግዳ ይመጣብኛል። አንቺን ማለቴ አይደለም። አንቺንም ማለቴ ነው።»

ዴላኒ አየች። የዳቦ ቤቱን ጥግ አወቀችው፤ የፋርማሲውን አረንጓዴ መስቀል አወቀችው። ከዚያ ባልኮኒውን አየች። ሴኞራ ሬሜ ጥቁር ለብሰው ቆመዋል፤ አጠገባቸው ባዶ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ትራስ ሳይቀር ተደርጎበታል።

«አየሽ ያንን ወንበር?» አለ ላዮሽ ጠረጴዛውን እየመታ። «አየሽልኝ? ሰው እዚያ ቦታ ተሰጥቶት እንዴት ይቀራል? ምን ዓይነት ጅል ነው?»

«ምናልባት ታሞ ይሆናል» አለች ዴላኒ።

«ሞቶ እንኳን ቢሆን ተሸክመው ያወጡታል!»

እመቤታችን ከባልኮኒው ሥር ስትደርስ ምስሏ የቆመበት መድረክ መሬት ላይ አረፈ። ከመጋረጃው በታች እግሮች ተደርድረዋል። ከፊት በኩል አንድ ግራ ጫማ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። የተሸካሚዎቹ አለቃ ፊቱን ወደ ላይ፣ ወደ ባልኮኒው አቅንቶ በስፓኒሽ ጮኸ፤ የማንሻ ምልክት የሚሰጥበትን መዶሻ መታ፤ መድረኩም ከነሻማው፣ ከነአበባው ወደ ሰማይ ዘለለ። መንገዱ በጭብጨባ ተናወጠ።

«ስፓኒሽ ትችያለሽ አይደል? ምን አለ? እያንዳንዱን ማንሳት ለአንድ ሰው መታሰቢያ ያደርጉታል፤ ይህን ለማን ሰጠው?»

አለቃው ያለው «ይህቺ ለአንሴልሞ አሜሪካዊት ልጅ ናት፤ ከዚያ ላይ ሆና ለምታየን!» ነበር።

«ለ… ለአንዲት ልጅ ነው» አለች።

«የታደለች!» አለ ላዮሽ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። የሷ ግን አቅርሮ አልቆመም፤ ወረደ።

በዚያው ሰዓት ልትመለስ ሞከረች። ወደ ሴቪያ የሚሄድ አውሮፕላን ሁሉ ሙሉ ነበር፤ ዓለም እየሄደበት ነዋ! በትኬቷ መሠረት እሑድ ደረሰች። መንገዱ ላይ ከፈሰሰው የሻማ ሰም የተነሳ ጫማዋ በየእርምጃው ሲጥ ሲጥ እያለ ቤት ድረስ አጋለጣት። ሴኞራ ሬሜ አልተቆጡም፤ «ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየናቸው፣ ልጄ» ብቻ አሉ። ዶን አንሴልሞ አንገታቸው ላይ ሙቅ ፎጣ አድርገው «ቡዳፔስት አለ?» ብለው ጠየቁ። አለ፣ አለቻቸው።

የሜዳሊያው ኮሚቴ ፊት ስትቀርብ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ለመናገር ቆርጣ ነበር።

«በሰሙነ ሕማማት ከሴቪያ ሕዝብ ጋር በምን መልኩ ተዋሃድሽ?» ሲሉ ዶክተር ዊትኮም በፀሐይ በተላጠ አፍንጫቸው ጠየቁ።

«አልነበርኩም። ወንበር ተቀምጦልኝ ሄድኩ። የራሴን መንገድ ቡዳፔስት ሆኜ በኮምፒውተር አየሁት። አለቀስኩ።»

ኮሚቴው ተያየ። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ፎቶ እንጂ እንባ አላቀረቡም ነበር። ዶክተሯ ብድግ ብለው «ከርቀት የመነጨ ጥልቀት!» አሉ። «ባህልን ከውስጥ ማየት ማንም ይችላል። ይህቺ ግን ባልነበረችበት ተዋህዳለች!» ሜዳሊያው በሙሉ ድምፅ ተሰጣት።

ዶን አንሴልሞ ሜዳሊያውን በመዳፋቸው መዘኑት። «ለምንድነው የሰጡሽ?»

«ባህላችሁን በጥልቀት ስላወቅሁ።»

«ጎሽ» ብለው ሜዳሊያውን መለሱላት።

«በሚቀጥለው ዓመት ግን ማንም አይነቀንቀኝም። ወንበሩ ላይ ነኝ። ቃሌ ነው» አለች ዴላኒ። ይህንን ያለችው ከልቧ ነው፤ ሳትቀልድ።

ቃሏንም ጠበቀች። በዓመቱ የአዲሶቹ መሪ ሆና ተመልሳ «ሴቪያን ለቃችሁ እንዳትሄዱ!» ብላ ለመነቻቸው። አዲሶቹ ሜዳሊያዋን አይተው «አንቺ በምን አገኘሽው?» አሏትና ፓሪስ ሄዱ። እሷ ግን በሆሳዕና ዋዜማ አበባ ይዛ የሴኞራ ሬሜን በር አንኳኳች። በሩ ሲከፈት ባልና ሚስቱ ኮፍያ አድርገው፣ ሻንጣ ይዘው ቆመዋል።

«ደረሽልን!» አሉ ሴኞራ ሬሜ። «ቁልፉን ለጎረቤት ልንሰጥ ነበር። ልጄ፣ ዕድሜ ላንቺ! ያን ሁሉ ፎቶ እያየን ‹እኛ ዕድሜ ልካችንን እዚህ ባልኮኒ ላይ ምን እንሠራለን?› ተባባልን። እሱም ዘንድሮ አይሸከምም። ፓሪስ፣ ብራሰልስ፣ አምስተርዳም፣ ፕራግ፣ ቡዳፔስት! በአንድ ሳምንት!»

«እኔ እኮ ከናንተ ጋር ለማየት…» ዴላኒ አበባውን ወደ ኋላዋ ደበቀችው። «እሺ፣ መቼም ኢንማንም ታገኟታላችሁ።»

«ፍራንክፈርት?» አሉ ዶን አንሴልሞ። «ፍራንክፈርት ምን አለ?»

«ኢንማ አለች።»

«እሷማ ስልክ ላይ አለች» አሉ ሴኞራ ሬሜ ጉንጯን እየሳሙ። «መንገዳችን ላይ አይደለችም፤ ጊዜም የለን።»

ዓርብ ከሰዓት ዴላኒ ባልኮኒው ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ትራሱን እሷ አደረገችበት። እመቤታችን ከሥሯ ስትቆም ጎንበስ ብላ እግሮቹን አንድ በአንድ አየች፤ የሁሉም ጫማ ክር ነጭ ነው። የዘንድሮውን ማንሳት አለቃው ለአንድ የታመመ ዳቦ ጋጋሪ ሰጠው። መዶሻው ሊመታ ሲል ስልኳ ጮኸ። የመጣው ፎቶ ነው፤ ዶን አንሴልሞ የቡዳፔስት ድልድይ ፊት ቆመው፣ ሁለት ጣታቸውን አንስተው፣ ጣታቸው ግን ድልድዩን ስቶ ወንዙን ይዟል። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦

«ቡዳፔስት አለቀች። ግራ ጫማዬን እዪው፤ ቀይ ክሩን ካየሽ እኔ ነኝ።»