አሥራ አንድ ሳጥን በእህቴ ድንጋይ ላይ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ እህቴ ካረፈች በሰባተኛው ሳምንት
ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡10 (የተጠራው ለ7፡30 ነበር)
ቦታ፦ የአክስቴ የልብስ ስፌት ቤት፣ በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ

የተገኙ፦
1. አጎቴ፣ ጡረታ የወጡ የመጋዘን ኃላፊ፣ ሰብሳቢ
2. አክስቴ፣ ልብስ ሰፊ
3. የአክስቴ ልጅ፣ ስልክ ጠጋኝ፣ ሁሉም “ቻርጀር” የሚለው
4. እናቴ
5. እኔ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ጸሐፊ (የተመረጥኩት የእጅ ጽሑፌ ይነበባል ተብሎ ነው)

ከስድስቱ የቤተሰብ ኮሚቴ አባላት አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሰብሳቢው መጀመሪያ ቆጥረው “ስድስት ሞልተናል” ብለው ነበር። አንዷ መስኮቱ ጋ የቆመችው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት መሆኗ ተነግሯቸው ቁጥሩ ታርሟል። ስድስተኛዋ አባል እህቴ ነበረች።

አጀንዳ 1፦ በመቃብሯ ድንጋይ ላይ ስሟ በምን ዓይነት ፊደል ይጻፍ?

ሰብሳቢው ድንጋይ ጠራቢው መሣሪያውን ይዞ እንደሚጠብቅ፣ ጽሑፉ እስከ 10 ሰዓት ካልደረሰው ተራውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ አስታወቁ።

ቻርጀር ቀድሞ ተናገረ። እህታችን በስልክ ገጿ ላይ ስሟን በተራ ፊደል ጽፋ እንደማታውቅ፣ ሁልጊዜም በጥምዝምዝ ፊደልና በኮከብ ታጅቦ ይታይ እንደነበር፣ ይህን የምትሠራበትንም ድረ ገጽ እንደሚያውቀው ገለጸ። ተራ ጽሑፍ ከላይ ሲገባ ከታች በመቶ ዓይነት ጌጥ ይወጣል። ፊደሎቹ ለሒሳብ ሰዎችና ለሌላም ሥራ ተብለው ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጡ ምልክቶች ናቸው፤ “ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር፣ እኛ ሥራ ሰጠናቸው” አለ።

አክስት ገጹ የአማርኛ ፊደል ይቀበል እንደሆነ ጠየቁ። ተሞከረ። እንደገባ መለሰው። ቻርጀር “እማዬ፣ የኛን አያውቅም፤ በእንግሊዝኛ ፊደል እንጻፈውና ያሳምርልናል” ሲል አስረዳ።

ጸሐፊው፣ እናት የእንግሊዝኛ ፊደል እንደማያነቡ አመልክቶ፣ ስሟ በተራ የአማርኛ ፊደል እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረበ። ሰብሳቢው “አንተ ጸሐፊ ነህ፤ ጻፍ እንጂ አትናገር” አሉ። ሐሳቡ ደጋፊ ስላላገኘ ወደቀ። በዚህ ጊዜ እናት ከጠረጴዛው ላይ የክር ቁርጥራጭ ይለቅሙ ነበር።

ስለ ጌጡ ዓይነት ረጅም ውይይት ተደረገ። አክስት የአንገት ጥልፍ የሚመስለውን ፈለጉ። ሰብሳቢው በመጋዘን ዕቃ ላይ እንደሚታተመው ወፍራም የሆነውን ደገፉ፤ “ከሩቅ ይታያል፣ ዝናብም አይደፍረውም” አሉ። ይሁንና ቻርጀር ፊደል የሚገለብጠውን ዘዴ ሲያሳያቸው የራሳቸውን ስም ተዘቅዝቆ አዩና ስልኩን ለአሥራ ሁለት ደቂቃ አልመለሱም። አክስት “ወንድሜ፣ የመጣነው ለአንተ ስም ነው እንዴ?” ሲሉ አሳሰቡ። ሰብሳቢው አስተያየቱ ከአጀንዳ ውጪ ነው ብለው ስልኩን መለሱ።

ውሳኔ 1፦ ስሟ በአምስት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በጥልፍ ዓይነት፣ በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት ጌጥ ታጅቦ ይጻፍ።
ውሳኔ 2፦ ከሥሩ የሰብሳቢው፣ የአክስትና የቻርጀር ስም፣ እያንዳንዱ ፊደል በክብ ውስጥ ሆኖ፣ ይስፈር። (ጸሐፊው ድምፅ ተዐቅቦ አድርጓል። እናት አልተጠየቁም።)

ውሳኔ 1 ከቀኑ 9፡05 በስልክ መልእክት ለድንጋይ ጠራቢው ተላከ። ውሳኔ 2 ክቦቹ እስኪመረጡ ቆየ።

አጀንዳ 2፦ የቤተሰቡን የስልክ ግሩፕ ስም ስለመለወጥ

ሰብሳቢው የግሩፑ ስም ልቦችና ቢራቢሮዎች የበዙበት በመሆኑ ለሐዘን ጊዜ እንደማይመጥን ገለጹ። ቻርጀር ስሙን መለወጥ የምትችለው ግሩፑን የከፈተችው ብቻ መሆኗን አስረዳ። ሰብሳቢው “እና ንገሯታ” አሉ። የከፈተችው እህቴ መሆኗ ተነገራቸው። አጀንዳው ታልፏል።

አጀንዳ 3፦ ድንገተኛ

ከቀኑ 9፡40 ድንጋይ ጠራቢው ደወለ። ሁሉም እንዲሰሙት ድምፁ ተከፈተ። “ይቅርታ፣ እዚህ ሳጥኖቹ አሥራ አንድ ናቸው ወይስ አሥራ ሁለት? የመጨረሻው ስልኬ ላይ ተቆርጦብኛል” ሲል ጠየቀ። የምን ሳጥን ተባለ። የተላከለት ይህ እንደሆነ፣ ሰው በሐዘኑ ጊዜ የሚፈልገውን እሱ እንደማይጠይቅ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ጠርቦ መጨረሱን ገለጸ። “አራት ማዕዘናቸው ልክ ነው፤ ለክቻለሁ” አለ። የደረሰው የሚከተለው ነበር፦

□□□□□□□□□□□

ቻርጀር ስልኩ አሮጌ ስለሆነ ምልክቶቹን እንደማያውቃቸውና ባላወቃቸው ቁጥር ሳጥን እንደሚያሳይ አብራራ። ድንጋይ ጠራቢው “ስልኬን አትስደበው፣ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎኛል” አለ። አክስት “አንተ ልጅ፣ አዋረድከን!” ብለው ልጃቸውን በመለኪያ ሜትር መቱት። ሰብሳቢው ሥርዓት እንዲከበር ጠይቀው፣ የተጀመረ ነገር ስለሆነ ሳጥኖቹ ይቀጥሉ፣ ውስጣቸውም ወደፊት ይሞላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

ውሳኔ 3፦ ድንጋይ ጠራቢው ስልኩን እንዲቀይር በትሕትና ደብዳቤ ይጻፍለት፤ እስከዚያው ሳጥኖቹ ይጽደቁ።

ይህ እየተመዘገበ ሳለ እናት የለቀሙትን ክር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ስልካቸውን ከቦርሳቸው አወጡና ለሰብሳቢው ሰጡ። ስልኩ ላይ የእህቴ ስም በአማርኛ፣ በሦስት ተራ ፊደል ተጽፏል። “ይሄን እሷ ናት የጻፈችልኝ” አሉ። “ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት። በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ይሄንን ነው። ስልኩ ሲጮህ አነብና፣ እሷ ናት ብዬ አነሳ ነበር።”

ሰብሳቢው “ታዲያ አንቺ እስካሁን ለምን አልተናገርሽም?” ሲሉ ጠየቁ።

እናት “ማን ጠየቀኝ?” ሲሉ መለሱ። ቀጥለውም “ብቻዬን እየሄድኩ እቀመጣለሁ እዛ። አላፊ አግዳሚውን ‘እባካችሁ የልጄን ስም አንብቡልኝ’ ልበል?” አሉ።

ረጅም ውይይት አልተደረገም። ቻርጀር የስፌት መኪናውን ጎማ በጣቱ ሲያዞር ቆይቶ “እኔ ለሷ ብዬ እኮ ነው” አለ። እናት “አውቃለሁ ልጄ” አሉት።

ውሳኔ 4፦ ውሳኔ 1፣ 2 እና 3 በሙሉ ተሽረዋል። ድንጋዩ ተገልብጦ በንጹሑ ፊት ስሟ ብቻ፣ በአማርኛ፣ በሦስት ፊደል፣ ያለ ምንም ጌጥ ይጠረብ። በአንድ ድምፅ ጸደቀ።

ድንጋይ ጠራቢው ከስልኩ ሳይወርድ ከእንግዲህ የስልክ መልእክት እንደማይቀበል ገልጾ፣ በወረቀት ተጽፎ በሰው እጅ ከመጣለት ግን ከ10 ሰዓት በኋላም እንደሚጠብቅ ቃል ገባ። ጸሐፊው እንዲጽፍ ታዘዘ። የመጀመሪያው ወረቀት ስለረጠበ ውድቅ ሆነ። ሁለተኛው ጸደቀ።

እናት ወረቀቱን ተቀብለው እያንዳንዱን ፊደል በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው አነበቡ። ሰብሳቢው ሌላ የሚነሳ ነገር እንዳለ ጠየቁ። እናት “አንዴ ልድገመው” አሉ። ተፈቀደ።

ስብሰባው ከቀኑ 10፡20 ተዘጋ።