እቴጌ ቨርሊን ግማሽ ቤታቸውን ለእኅታቸው እንደ ለቀቁ

ጉልበታቸው በብረት በተተካ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ መጋቢት፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ በአርካንሳስ ምድር፣ መዋዒተ ሙጃ፣ ዐቃቢተ ሰባት ዶሮ፣ እቴጌ ቨርሊን ዘፒልቸር መንደር በመስኮታቸው ቆመው ወደ መንገዱ ማዶ ተመለከቱ። ወናሁ፣ ታናሽ እኅታቸው አዮና የዚያን ጧት አራተኛውን ባልዲ ከእናታቸው ቤት በረንዳ ላይ ሲደፉ አዩ።

ጣሪያው ያፈሳልና። የአውራጃው ጽሕፈት ቤትም ጣሪያ በነጻ የሚያድሰው ቤቱ በአንድ ሰው ስም ሲሆን ነው፤ ይህ ቤት ግን በሁለቱ እኅትማማቾች ስም ነበር። እነርሱም በእናታቸው ቀብር ማግሥት በፒያኖ ውርስ ተጣልተው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቃል አልተለዋወጡም።

እቴጌም ልባቸው ተነካ፤ መነካቱ እንዳይታወቅባቸውም ተቆጡ። ወእምዝ አዋጅ አስነገሩ፤ የሰማው ግን ጎረቤታቸው ዴልማር ብቻ ነበር፦ «ስማ! ግማሽ ቤቴን ለዚያች ግትር ለቅቄላታለሁ! አዝኜላት እንዳይመስልህ፣ የባልዲዋ ኳኳታ አናቴን ስለበጠበጠው ነው። በል መኪናህን አስነሳ!»

ያን ጊዜ የመብት መልቀቂያውን በእጃቸው ጻፉ፤ «በቤቱ ላይ ያለኝን መብት፣ ካለኝ፣ ለእኅቴ ትቻለሁ» ይላል። «ካለኝ» የምትለዋ ቃል ክብራቸውን ነክታ ሦስት ጊዜ ብዕር አስጣለቻቸው።

ሠራዊቱም ወደ አውራጃው መዝገብ ቤት ተንቀሳቀሰ፤ መሪውን የጨበጠ ሊቀ ፒክአፕ ዴልማር፣ ከኋላ ለሃጩን ለነፋስ የሚበትን ውሻው ዱክ፣ በመካከል እቴጌ፣ በጭናቸውም ሁለት መነጽርና፣ ከበባው ቢረዝም ብለው የቋጠሩት የበቆሎ ዳቦ።

በመዝገብ ቤቱ በር ግን የመዝገቡ ሹም ፈርን ኦክስሊ አዋጅ ነገረች፦ «ሚስ ቨርሊን፣ ከላይ አራት ጣት ባዶ ቦታ ይተው ተብሏል እኮ! ማኅተሙን ግንባርዎ ላይ ላሳርፈው? ደግሞስ ማን እያየዎት ነው የፈረሙት?»

እቴጌም መለሱ፦ «እግዜር!»

ሹሟም አወጀች፦ «እግዜርማ አይቷል፤ ግን ማኅተም አላደረገበትም!»

እቴጌ አፈገፈጉ፤ አልሸሹም። በደረጃው ላይ ተቀምጠው ሰነዱን፣ ከወንዙ እስከ ዋርካው ካለው የቤቱ ወሰን ጋር፣ በአዲስ ወረቀት እንደገና ጻፉ፤ ከላይም አራት ጣት ሳይሆን፣ ለሹሟ እልክ ብለው፣ ስድስት ጣት ተዉ። ከዚያም ውል ወደሚያረጋግጠው ወደ ዘር ነጋዴው ላትሮፕ ዘምተው፣ ማኅተሙ ከባቄላ ዘር መካከል ተፈልጎ እስኪገኝ ታግሠው፣ በፊቱ ፈረሙ። መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ተመልሰው ገቡ። ማኅተሙም ወረደ፤ ጧ!

በዚያች ቅጽበት እጃቸው ባዶ ሆኖ ተሰማቸው፤ የተወለዱት በዚያ ቤት ነውና። አቧራ ገባብኝ ብለው መነጽራቸውን ወለወሉ።

የሰነዱን ግልባጭ በእኅታቸው ፖስታ ሣጥን ከትተው ዞር ሲሉ፣ አዮና በነጠላ ጫማ ከበረንዳው ወርደው፣ ወረቀቱን መዝዘው አነበቡና አወጁ፦ «አንቺ! ቤቱን ተይልኝ አልኩሽ? ደግሞ በጎን ሹልክ ልትይ ነው? ነይ ግቢ፣ ዓሣ ጠብሻለሁ፣ ይቀዘቅዛል!»

እቴጌም ገቡ፤ ዓሣውም ጨው በዝቶበት ነበር፤ እርሳቸውም ቀምሰው፣ ውኃ ጠጥተው፣ ስለ ጨው ሳያነሡ «ድገሚኝ» አሉ። ስብሐት ለዝምታሽ፣ ኦ ቨርሊን! ማኅተምን ያንበረከኩ ብዙዎች ናቸው፤ የታናሽ እኅቱን ጨዋማ ዓሣ በላ፣ ድገሚኝም ያለ ግን፣ ካንቺ በቀር በፒልቸር ምድር አልተነሣም።